በእጅ የሚሠራ የገና ካርድና የወረቀት ቁርጥ ጌጥ፦ ከባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጾመ ነቢያት ሲገባ ስለ ካርድ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። ጎረቤት ይጠይቃል፣ ፔዳ ግቢ ያሉ ተማሪዎች ይጠይቃሉ፣ እናቶች ለልጆቻቸው ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። ካርዱ ላይ የሚለጠፈው ቅርጽ የኛን ገና እንዲመስል አጥብቄ እፈልጋለሁ። መልሶቼም ወደዚያ ያዘነብላሉ።

ዳይካት የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

ቅርጽ ያለው ስለት ወረቀት ላይ ተጭኖ ቅርጹን በአንድ ጊዜ ሲቆርጠው ማለት ነው። ስለቱ ራሱ ዳይ ይባላል። ዘዴው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጫማ ሥራ ነው የመጣው። አንድ ዓይነት የሶል ቆዳ ቀኑን ሙሉ በእጅ መቁረጥ አድካሚ ስለነበር፣ በቅርጹ የተሠራ ስለት ቆዳው ላይ እየጫኑ መቁረጥ ተጀመረ። ዛሬ የኬክ ሣጥንና የመድኃኒት ካርቶን የሚቆረጠው በዚሁ መንገድ ነው።

ለቤት የሚሆነው ትንሽ ነው። መዳፍ የሚያህል ስስ የብረት ዳይና በእጅ የሚዞር ማሽን ይበቃል። ዳዩና ወረቀቱ በሁለት የፕላስቲክ ሰሌዳዎች መካከል ይገባሉ። ከዚያ በሁለቱ ሮለሮች መካከል ተጨፍልቀው ያልፋሉ። ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ መብራት በጠፋበት ምሽትም ይሠራል። ከኮምፒውተር ጋር ተያይዘው በቢላ የሚቆርጡ ማሽኖችም አሉ፤ ለቤት ካርድ ግን የግድ አያስፈልጉም።

ማሽን ከቆረጠው በእጅ የተሠራ ይባላል?

ይባላል። ወረቀቱን የመረጠው፣ ቅርጹን ያቀናጀው፣ የለጠፈውና የጻፈው ሰው ነው።

ማሽን የለኝም። መጀመር እችላለሁ?

አዎ፣ እንዲያውም ያለ ማሽን ብትጀምሩ ይሻላል። መቀስ፣ ከተር ወይም ምላጭ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ኮላ፣ እርሳስ፣ ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ካርቶን ካለ በቂ ነው። በመቀስ የቆረጠ ሰው ወረቀት የት እንደሚቀደድ፣ የት እንደሚጸና በእጁ ያውቀዋል። ኋላ ዳይ ሲገዛ የሚሆነውንና የማይሆነውን ለይቶ ይገዛል።

በመሐል ያለው አማራጭ ፓንች ነው። ወረቀት ከምንበሳበት ፓንች ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ክብ ቀዳዳ በማውጣት ፈንታ ኮከብ ወይም አበባ መቁረጡ ነው። ሲደንዝ ብዙዎች ይጥሉታል። አትጣሉት። የአሉሚኒየም ፎይል አጥፋችሁ ደጋግማችሁ ቁረጡበት፤ ስለቱ ይመለስለታል። ከከረረ ደግሞ ሰም የተቀባ ወረቀት ቁረጡበት፤ ይላላል።

የቱን ወረቀት ልጠቀም?

ለካርዱ አካል በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ጥሩ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ተራ ወረቀት 80 ግራም ነው። እሱ ለሚታጠፍና ለሚቆረጥ ጌጥ ይሆናል፤ ለካርዱ አካል ግን ይልፈሰፈሳል። ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ስትሄዱ ግራሙን ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀው በሁለት ጣት ይዛችሁ አንዱን ጫፍ ልቀቁት። ወዲያው ካጎነበሰ ለካርድ አይሆንም።

ለጌጡ ግን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ያለፈው ዓመት የግድግዳ ካላንደር፣ የስጦታ መጠቅለያ፣ የካኪ ፖስታ፣ ያልቆሸሸ የስሚንቶ ከረጢት ውስጠኛ ወረቀት ሁሉ ይሆናል። ካላንደር የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ኮላ አይይዘውም። ጀርባውን በጥሩ ሸካራ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈትጉት፣ ከዚያ ይይዛል። የካኪው ወረቀት ደግሞ ለታንኳና ለጎጆ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ቀለሙ የጣና ታንኳ የሚሠራበት የደረቀ ደንገል ቀለም ነው።

ካርዱን በምን መጠን ልቁረጥ? ሳጥፈው ለምን ይሰነጠቃል?

አንድ ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። መሐል ለመሐል ቁረጡትና ሁለት ግማሽ ይወጣል። እያንዳንዱ ሲታጠፍ 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርድ ይሰጣል። ለዚህ መጠን የሚሆነው ፖስታ 11.4 በ16.2 ነው። ጌጡ ከፍ ያለ ከሆነ ፖስታውን ራሳችሁ ሥሩና ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጨምሩለት።

ስንጥቁ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው የወረቀቱ ጭረት ነው። ወረቀት ሲሠራ ክሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። ወረቀቱን ሳታጥፉ በእጃችሁ በሁለቱም አቅጣጫ ለመጠቅለል ሞክሩ። በቀላሉ የሚጠቀለልበት አቅጣጫ ማጠፊያው ነው። ሁለተኛው ሳያሰምሩ ማጠፍ ነው። ማስመሪያ አስደግፋችሁ፣ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ወይም ጫፉ በደነዘ ወስፌ መስመሩን ተጫኑት፣ ከዚያ እጠፉ። የብራና ጸሐፍትም በወስፌ ነው ገጹን የሚያሰምሩት፤ ቀለም ሳይነካው መስመሩ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። የናንተም እንደዚያ ጎድጎድ ይበል እንጂ አይቀደድ።

ገበያ ላይ ያለው ዳይ ሁሉ የበረዶ ቅርጽና የሳንታ ኮፍያ ነው። ምን ልቁረጥ?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። የገና ካርድ የተጀመረው በእንግሊዝ ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለ ሠዓሊን አሥሎ 1000 ያህል ካርድ ለንደን ላይ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ካርዱ ያደገው በቀዝቃዛ አገር ስለሆነ በረዶው ለነሱ የደጃቸው ነገር ነው። ባሕር ዳር ግን ታኅሣሥ ማለት ፀሐይ ነው። ማለዳው ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ብራ ነው፣ ሐይቁ ይጠራል። እኛም የደጃችንን እንቁረጥ።

ታንኳ ለመጀመሪያ ሥራ ከሁሉ ይሻላል። ረዘም ያለ፣ አፍንጫው ወደ ላይ የቀና ቅርጽ ከካኪ ወረቀት ቁረጡ። ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀጫጭን ክሮች ከዚያው ወረቀት አውጡና በላዩ በርዝመቱ ደርድራችሁ ለጥፉ። ሦስት ቦታ ላይ በጥቁር ክር ስታስሩት ልክ የደንገል ነዶ ይመስላል። ከሥሩ ሰማያዊ ወረቀት፣ ከላዩ አንድ ኮከብ። ሌላ ምንም አትጨምሩ።

እውነተኛ ደንገል የሚፈልግም አለ። ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የደረቀ ቁራጭ አይጠፋም፤ ጠይቃችሁ ውሰዱ። የውጭ ልጣጩን በቀጭኑ ሰንጥቃችሁ መጽሐፍ ውስጥ አሳድሩት። እርጥቡን አትለጥፉ፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ካርዱን አብሮ ይጎትተዋል።

ፔሊካን ደግሞ ምንቃሩ ብቻውን ያስታውቃል። ነጭ አካል፣ ቢጫ ምንቃር፣ አለቀ። የመንገዶቻችን ዘንባባም ያምራል። ዛፉን ሙሉውን ቁረጡ እንጂ ቅጠሉን ለብቻው አታድርጉት። የዘንባባ ቅጠል ለብቻው ሲታይ ሰው ሆሣዕና ነው የሚመጣበት።

ጢስ ዓባይን የሚፈልግ ሰው ነጭ ስስ ወረቀት በእጁ ቀድዶ ይደራርበው። መቀስ አይንካው። የተቀደደ ጠርዝ ጭጋግ ይመስላል፣ የተቆረጠ ጠርዝ ግን መጋረጃ ነው የሚመስለው።

የገና ዱላና ሩርም አትርሱ። እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በዱላቸው ተጫወቱ ተብሎ ሲነገር ነው ያደግነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላና አንድ ክብ ማንም ልጅ ሊቆርጠው ይችላል። በልጅ እጅ የተቆረጠ የገና ዱላ ያለበት ካርድ ለአያት ቢሰጥ የሚያመጣውን ደስታ እናንተው ታዩታላችሁ።

መስቀሉን ሳጥፍና ስቆርጥ ይበታተንብኛል። ምን ላድርግ?

ይህ የብዙዎች ችግር ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ። አራቱም ክንዱ እኩል ለሆነ መስቀል 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 80 ግራም ወረቀት ውሰዱ። ለሁለት እጠፉት፣ እንደገና ለሁለት እጠፉት፣ ትንሽ አራት ማዕዘን ይሆናል። እሱን የወረቀቱ ማዕከል ካለበት ጥግ ተነስታችሁ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ እጠፉት። አሁን ስምንት ድርብ የሆነ ሦስት ማዕዘን ይዛችኋል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ጎኖቹን እዩ። አንዱ ጎን ክፍት ነው፤ የወረቀቱ ጠርዞች እዚያ ይታያሉ። ሁለቱ እጥፍ ናቸው፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። አጭሩ እጥፍ የክንዱ መሐል ነው። እዚያ ላይ የምትቆርጡት የክንዱን መስኮት ይሰጣል። ረጅሙ እጥፍ በክንዶች መካከል ያለው ቦታ ነው። እዚያ ላይ የምትቆርጡት ክንዶቹን ይለያያል። ሁለቱ እጥፎች የሚገናኙበት ሹል ጫፍ ማዕከሉ ነው፤ እሱን ከነካችሁ መሐሉ ይበሳል።

መበታተኑ የሚመጣው ከአጭሩ ጎን የጀመረ ቁርጥ ከረጅሙ ጎን ከጀመረው ጋር ሲገናኝ ነው። ሁልጊዜ በመካከላቸው ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ድልድይ ይቅር። አስቀድማችሁ የሚወጣውን በእርሳስ አጥቁሩት። የቀረው ነጭ ከማዕከሉ እስከ ክፍቱ ጎን ሳይቋረጥ ከሄደ መስቀሉ ይቆማል። ትንንሾቹን መስኮቶች አስቀድሙ፣ ትልቁን የዳር ቁርጥ ለመጨረሻ አድርጉት፤ ወረቀቱ እስከዚያ ድረስ በእጅ ለመያዝ ይመቻል።

እጀታ ያለው መስቀል ከሆነ ይህ መንገድ አይሠራም፤ አራቱ ክንድ እኩል አይደለምና። አንድ ጊዜ ብቻ በቁመቱ እጠፉና ግማሹን ሣሉበት። ስስ ወረቀት ላይ የወጣላችሁን መስቀል ወፍራም ወረቀት ላይ ለማድረግ ስትፈልጉ ደራርባችሁ አጥፋችሁ አትቁረጡ። የወጣውን ዘርግታችሁ በእርሳስ ገልብጡትና በምላጭ አውጡት።

መላእክትንና የልደቱን ታሪክ በቁርጥ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው ግድግዳውን ያስታውሳል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊታቸውን ወደኛ አዙረው ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። ከውጭ የሚመጡ ዳዮች ግን እረኞችንና ሰብአ ሰገልን አብዛኛውን ጊዜ በጎን ጥላ ነው የሚያወጧቸው። ለአባቶች ካርድ የምትልኩ ከሆነ ይህ ዓይን ይወጋል።

ስለዚህ ፊቱን ክብ አድርጋችሁ ከፊት ቁረጡ፣ ሁለቱን ትልልቅ ዓይኖች በጥቁር እስክሪብቶ ሣሉ። አክሊሉን ቢጫ ክብ አድርጋችሁ ከኋላ ለጥፉት። ክንፎቹን ከሁለት ወረቀት ቆርጣችሁ ደርቡ። ሥዕል የማይሆንላችሁ ከሆነ ግርግሙንና ኮከቡን ብቻ ሥሩ። ታሪኩ በነሱም ይገባል።

ዳዩ ጥጋጥጉን አይቆርጥልኝም። ወረቀቱም ውስጡ ይቀራል።

መጀመሪያ ስለቱ የወረቀቱን ፊት ማየቱን አረጋግጡ። ከዚያ አንድ ተጨማሪ ተራ ወረቀት በሰሌዳውና በዳዩ መካከል አስገቡ፤ ጫናው ይጨምራል። ያም ካልበቃ ማሽኑን ወደፊትና ወደኋላ አዙሩት፣ ወይም ዳዩን ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ አስገቡት። ሰሌዳው ሲጎብጥ ገልብጡት፤ ሁልጊዜ በአንድ ፊት ከተጠቀማችሁ እየጎበጠ ይሄዳል።

ወረቀት ውስጡ ከቀረ ከኋላ ባሉት ቀዳዳዎች በመርፌ ግፉት። ለረቂቅ ቅርጽ በዳዩና በወረቀቱ መካከል ሰም የተቀባ ወረቀት ማስገባት ያላቅቀዋል።

ኮላው ወረቀቱን አሸበሸበው።

በዝቷል ማለት ነው። ነጭ ኮላ ውኃ አለው፤ ወረቀት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። ኮላውን ክዳን ላይ ትንሽ አፍስሱና በስቴኪኒ ጫፍ ነጥብ ነጥብ አድርጉ። ጠርዝ ድረስ አትቀቡ። ከለጠፋችሁ በኋላ ንጹሕ ወረቀት አልብሳችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፣ አንድ ሰዓት ይቆይ። በታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ኮላ ቶሎ ይይዛል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ቅርጾቹን ያለ ኮላ ደርድሯቸው፣ ቦታቸውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ነው መቀባት። ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ካርዱ ይቆለመማል።

ጌጡ ከፍ ብሎ እንዲታይ እፈልጋለሁ።

ተመሳሳይ ቅርጽ ሦስት ጊዜ ቁረጡና አንዱን በአንዱ ላይ ለጥፉ። ወይም ከዕቃ ማሸጊያ የተረፈ ስፖንጅ በትንሹ ቆርጣችሁ ከሥሩ አድርጉ። የደንገል ውስጡም ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ በደንብ ከደረቀ ለዚህ ይሆናል። አንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይነሳ። ሁሉም ከተነሳ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ከልጆች ጋር መሥራት ይቻላል?

በደንብ። ምላጩና ከተሩ የትልቅ ሰው ይሁን፤ መቀሱና ኮላው የልጆቹ። ብልጭልጭ ዱቄት ግን ቤት ውስጥ አታስገቡ። ምግብም ዓይንም ውስጥ ይገባል፣ ጠርጋችሁም አይወጣ።

ውስጡ ምን ብዬ ልጻፍ?

«እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ» የሚለው ለሁሉም ይሄዳል። ለአንድ ትልቅ ሰው ከሆነ «አደረሰዎ» በሉ። ለጓደኛ «አደረሰህ»፣ «አደረሰሽ»። ለንስሐ አባት ከሆነ «አባታችን» ብላችሁ ጀምሩ፣ መጨረሻ ላይ «ይፍቱኝ» በሉ። የሌላ እምነት ጎረቤት «መልካም በዓል» ብትሉት ደስ ይለዋል፤ ካርዱን ከድፎ ጋር ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚህ በታች አንድ ዓረፍተ ነገር የራሳችሁን ጨምሩ። «እማዬ፣ ዘንድሮ ስላልመጣሁ አትቀየሚኝ፣ ለጥምቀት እመጣለሁ» ዓይነት። ሰው ካርዱን የሚያስቀምጠው ለዚያች ዓረፍተ ነገር ብሎ ነው። ጽሑፉን በፎቶ ኮፒ ቤት ማተም ከፈለጋችሁ ጌጡን ከመለጠፋችሁ በፊት አሳትሙት።

መቼ ልጀምር? በዓሉስ 28 ነው 29?

በአብዛኛው ታኅሣሥ 29 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ቀን ይውላል። 2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፣ ቀጣዩ 2020 ነው። ካርዱ ላይ ቀኑን የምታትሙ ከሆነ ይህን አትርሱ። ውጭ አገር ላለ ሰው በነሱ ቀን እንዲደርሰው ከፈለጋችሁ የነሱ ገና በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 አካባቢ ነው።

ጾሙ ኅዳር 15 ሲገባ ወረቀት ሰብስቡ። ኅዳር ጽዮን ድረስ ቅርጾቹን ቁረጡ። መለጠፉና መጻፉ ከታኅሣሥ ገብርኤል በፊት ቢያልቅ ጥሩ ነው። ከ19 ወዲያ ቤቱ ሁሉ በዶሮና በጠላ ዝግጅት ይያዛል፤ ያኔ ጠረጴዛ አታገኙም።

ሳይጎዳ እንዴት ልላከው?

ከካርዱ ጋር እኩል የሆነ ካርቶን ፖስታው ውስጥ ጨምሩ። በፖስታ ቤት ከሆነ የተቀባዩን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ያዙ፤ የቤት ቁጥር አይበቃም። ከፍ ያለ ጌጥ ያለበትን ሳታሽጉ ፖስታ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑት፣ ከዚያ እሽጉት። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የሚሄድ ሰው ካለ በሰው እጅ መላክ ይሻላል። መጽሐፍ ውስጥ ከትቶ እንዲይዘው ንገሩት እንጂ ሻንጣ ኪስ ውስጥ አይጨምረው።

ቁርጥራጩን ልጣለው?

ኮከቡ የወጣበትን ወረቀት አትጣሉ። ቀዳዳው ራሱ ኮከብ ነው። ካርድ ላይ አድርጋችሁ በቀለም በተነከረ ስፖንጅ መታ መታ ብታደርጉት ሌላ ካርድ ይወጣላችኋል። ከኋላው ቢጫ ወረቀት ለጥፋችሁ እንደ መስኮትም መጠቀም ይቻላል። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን ብቻ ጣሉት።